አለኝ ያልኩበት ቅዳሜ

ጃንዋሪ 3፣ ሰኞ

ብርዱ አልላላም። የቧንቧው ውኃ ዛሬም ድንጋይ ሆኗል፤ በረዶ በባልዲ አፍሼ ምድጃው ላይ አቀለጥኩ። ሚስ ኮርዲያ ፊደል ስታስቆጥረኝ "በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፊ፣ እጅሽ እንዳይረሳ" ብላኝ ነበር። በስልሳ ዓመቴ የተማርኩትን አሁን ብረሳው ማንም አይገርመውም። ቢሆንም እጽፋለሁ።

ሃሰል ሌሊቱን ሲያስል አደረ። ከተራራው ሆድ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ሲቆፍር የዋጠው አቧራ ሳንባውን ጨርሶታል። ሐኪሙ ብርድ እንዳይነካው፣ ከቤት እንዳይወጣ ብሏል። ጠዋት በአሬራ የፈተፈትኩለትን የበቆሎ ዳቦ እየበላ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣

"ቅዳሜ እሄዳለሁ" አለ።

"የት?"

"ቤተ ክርስቲያን።"

"ዛፉ ሥር ቆመህ ልታጨስ ነው ወይስ ልትገባ?"

"ልገባ።"

ጉባኤያችን በወር አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜና እሑድ ነው የሚሰበሰበው። ከተጋባን ጀምሮ አርባ ዓመት ወር በወር ስሄድ፣ እሱ ካልገቡት ወንዶች ጋር ግቢ ውስጥ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ። ስለ ባሌ ጸልዩልኝ ብዬ ያላለቀስኩበት ስብሰባ የለም። ዛሬ "ልገባ" ሲለኝ ግን ደስ አላለኝም። ብርዱ ይሆናል።

ጃንዋሪ 6

ከሰል አስገባሁ። ጀርባዬ። ሃሰል ዛሬ ሁለት ጊዜ ጢሙን ተላጨ። ሙሽራ መሰለው እንዴ?

ጃንዋሪ 8፣ ቅዳሜ ማታ

ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ገባ። የመጨረሻው ወንበር ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሰብሳቢያችን ወንድም ታልማጅ ስለ መከራ ሰበኩ። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ድምፃቸው ግን አልደከመም። እግዚአብሔር የያዘውን አይለቅም አሉ፤ ጨለማ ሆኖ እጁን ባታዩት እንኳ እጁ እዚያው ነው አሉ። ከዚያ መዝሙር መሩ። እሳቸው ስንኙን ያወጣሉ፣ እኛ እየጎተትን እንቀበላለን። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ከኋላዬ ሳል ሰማሁ፣ ቀጥሎ ወንበር ሲንቋቋ።

ሃሰል መሃል ለመሃል እየመጣ ነበር። ሁለት ጊዜ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። መድረኩ ጋ ሲደርስ ቀኝ እጁን ለወንድም ታልማጅ ዘረጋና "እናንተ ዘንድ ማደሪያ እፈልጋለሁ" አለ። እያለቀሰ። ሃሰል ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ልጃችንን ኦፓልን ስንቀብር እንኳ አላለቀሰም።

ሰው ሁሉ አብሮት አለቀሰ። እህቱ ቤውላ እጇን እያጨበጨበች ጮኸች።

ሰው ማደሪያ ሲጠይቅ፣ የጉባኤው አባል ልሁን ሲል ማለት ነው፣ ሰብሳቢው "በዚህ ሰው ላይ ቂም ያለው አለ?" ይላሉ። ማንም ካልተናገረ ሁላችንም ተራ በተራ ቀኝ እጃችንን እንዘረጋለታለን፣ በማግስቱ ጅረቱ ውስጥ ይጠመቃል። አንድ ሰው እንኳ አለኝ ካለ ነገሩ ይቆማል። አለኝ ያለ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ለወግ ነው የሚጠየቀው።

ወንድም ታልማጅ ጠየቁ። 

"እኔ አለኝ" አልኩ።

ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ። ማን እንደሆነ ለማየት ዞር ልል ምንም አልቀረኝም። ወንድም ታልማጅ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እህት ኦርሊና፣ ነገሩን ለጉባኤው ትናገሪያለሽ?"

"አልናገርም።"

"እንግዲያው ለብቻው አግኝተሽ ንገሪው። እስከሚቀጥለው ወር ይቆያል።"

ሃሰል አላየኝም። ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ሲመለስ ከመምጣቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ውጭ በረዶው ላይ ቤውላ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"አርባ ዓመት አምጣልኝ እያልሽ እግዜርን ስትነዘንዢ ኖረሽ፣ ሲያመጣልሽ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሽበት! አንቺ ሴትዮ ጤነኛ ነሽ?"

"ክንዴን ልቀቂ።"

"ወንድሜ የሚቀጥለውን ወር ያያል ብለሽ ነው?"

"እሱን እግዜር ያውቃል።"

"አዎ፣ ሲመችሽ እግዜር ያውቃል!"

ጃንዋሪ 9፣ እሑድ

ዛሬ ይጠመቅ ነበር። ቤት ዋልን። ቦሎቄ በአሳማ ሥጋ ቀቀልኩ። "ጨው አንሶታል" አለ። 

ጃንዋሪ 12

ወንድም ታልማጅ በዚህ በረዶ በእግራቸው መጡ። የደረቀ ፖም የሞላሁበት ኬክ አቀረብኩላቸው።

"ሐኪሙ ብርድ ይገድለዋል ብሏል" አልኳቸው። "ጅረቱ ላይ በረዶው በመጥረቢያ ነው የሚሰበረው። ለእሱ አስቤ ነው ያስቆምኩት።"

"ከጎረምሳነቴ ጀምሮ በረዶ ሰብረን ስናጠምቅ ኖረናል። በዚያ ውኃ የታመመ ሰው አላየሁም።"

"እርስዎ ሐኪም አይደሉም።"

"አይደለሁም" አሉ። "ግን ቅዳሜ ያልሽው ይህን አይደለም፣ እህቴ። ቂም አለኝ ነው ያልሽው።"

ኬኩን ወደ እሳቸው ገፋሁት። ሲነሱ "ፈተናው የሃሰል ብቻ እንዳይመስልሽ" አሉኝ። ሰው ሲያረጅ ነገር ያበዛል። ኬኩንም አልጨረሱት።

ጃንዋሪ 14

ሱቅ ሄጄ ዱቄት ገዛሁ። ከመደርደሪያው ወዲያ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

"እሷ ናት እኮ።"

"የቷ?"

"ባሏን ገነት ደጃፍ ላይ አስቁማ ወረፋ ያስያዘችው።"

ሳቁ። በአጠገባቸው አለፍኩና "እንደምን ዋላችሁ" አልኩ። አንዷ የያዘችው ቆርቆሮ ወደቀባት። ምንም አልተሰማኝም። ቤት ስደርስ ዱቄቱን እዚያው ትቼው መምጣቴን አየሁ።

ጃንዋሪ 16፣ እሑድ

ማንም ጽፎት አያውቅም፣ እኔ ልጻፈው።

ኦፓል ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በፌብሩዋሪ፣ ጅረቱ ከአፍ እስከ ገደፉ በሞላበት ሰሞን ነው። ሃሰል መኪናችንን ይዞ ከተራራው ማዶ ወደ አውራ ዶሮ ግጥሚያ ሄደ። እሱ ከወጣ በኋላ ልጅቷ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተጣጠፈች። ሐኪሙ ዘንድ ያለ መኪና አይደረስም። የጎረቤት በቅሎ ለምኜ አመጣሁ፤ በቅሎዋ የሞላውን ጅረት አልሻገርም አለች። መታኋት፣ ለመንኳት፣ እምቢ አለች። ትርፍ አንጀቷ ፈነዳ። ሃሰል በማግስቱ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ያሸነፈለትን አውራ ዶሮ በብብቱ ይዞ መጣ። "ምን ሆናችኋል?" አለ። ዶሮውን ተቀብዬ አንገቱን ጠመዘዝኩት።

ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ቀቅዬለታለሁ፣ አጥቤለታለሁ፣ ወንድ ልጅም ወልጄለታለሁ፤ ሎይድ አሁን ኦሃዮ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሃሰልን እንድችለው ያደረገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አያውቅም ነበር። እሱ ሲወጣ ደህና ነበረች።

በእግዚአብሔር ታመኚ ይሉኛል። ታምኛለሁ እኮ። ሁሉን እንደሚያይ ታምኜ ነው የኖርኩት። ያየውን እንዳይረሳ ብቻ ነው ስለምነው የኖርኩት።

ጃንዋሪ 21

የተበደለ ሰው መጀመሪያ ለብቻው ሄዶ ይናገር የሚለውን ቦታ ወንጌሉ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቃል በቃል። ወንድም ታልማጅ ልክ ናቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ሲያነብልኝ የሰማሁትን በራሴ ዓይን ሳየው ደስ አለኝ። ከሥሩ ይቀጥላል፤ ይቅርታ ስንት ጊዜ ነው የሚል ጥያቄ አለ። መብራቱ ዓይኔን አደከመኝ። ዘጋሁት።

ጃንዋሪ 25

ዛሬ ነገርኩት። የዕቃ መጥረጊያ ጨርቅ እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ሥርዓቱ ነው የመጣው?" አለኝ ከአልጋው ላይ።

"ሥርዓቱ ነው።"

"እንግዲያው ተቀመጪ። ቆመሽ ስትቆጪኝ የድሮ አለቃዬን ትመስይኛለሽ።"

ተቀመጥኩ። ስንት ነገር ሳሰናዳ ከርሜ፣ ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው።

"ኦፓል" አልኩ።

የሚተነፍስበትን የኦክስጅን ቱቦ ከአፍንጫው አነሳ።

"አውቃለሁ" አለ። "እስክትናገሪ ስጠብቅ ነበር።"

"ይህን ሁሉ ዓመት?"

"አንቺስ?"

ድስቱ እያረረ ነው ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። ድስቱ አላረረም ነበር።

ጃንዋሪ 29

በረዶ። ሃሰል መብላት ትቷል። ከሎይድ ስልክ መጣ፤ መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ አለ። ደህና ነን አልኩት።

ፌብሩዋሪ 1

ቤውላ የዶሮ ሾርባ ይዛ መጣች። እኔን ሰላም ሳትል አለፈችኝ። ጓዳ ውስጥ ድንች እየመረጥኩ ሳለ በግድግዳው ሰማኋቸው።

"መቃብር ስትገባ ቆማ ነው የምትስቀው" ትለዋለች።

"ኦርሊና ስትስቅ ካየሽ ቀስቅሺኝ፣ እኔም ልይ።"

"የምሬን ነው ሃሰል!"

"እኔም የምሬን ነው። ተያት። ዝም ብትል ኖሮ ለእኔ ስትል መዋሸቷን አውቅ ነበር። ሰው አስዋሽቼ ውኃ ውስጥ አልገባም።"

"ጭራሽ ትደግፋታለህ?"

"ያላደረግኩትን አላለችም።"

ድንቹን ጓዳ ውስጥ ትቼው ወጣሁ።

ፌብሩዋሪ 5፣ ቅዳሜ

ትራሱን ሳስተካክልለት አንጓዬን ያዘ። እጁ እንደ ወፍ እግር ቀሏል።

"ያን ቀን ደጃፉ ላይ ነግራኛለች" አለ።

"ማን?"

"ኦፓል። 'አባዬ፣ ሆዴን አሞኛል' አለችኝ። መኪናው ውስጥ ሰዎች እየጠበቁኝ ነበር። ከኪሴ ከረሜላ አውጥቼ ሰጠኋት። እናትሽን እንዳታስቸግሪ አልኳት።"

እጄን አልነጠቅኩትም። ለምን እንዳልነጠቅኩ አላውቅም።

"ለምን አሁን ትነግረኛለህ?"

"በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትጠየቂ፣ ሁሉን ሳታውቂ እንዳትመልሺ ብዬ ነው።"

ይቅር በይኝ አላለኝም። ቢለኝ ይቀለኝ ነበር። እምቢ እለው ነበር።

ፌብሩዋሪ 6

ከከሰል ክምሩ ጀርባ ሄጄ ጮህኩ። እግዜር ሆይ፣ አንተ ግን ታውቅ ነበር። ልጄ ከረሜላውን ስትቀበለው አይተሃል። እኔ ስትጫወት ነው ብዬ ዱቄት ሳቦካ አንተ ታያት ነበር። በቅሎዋንም አይተሃታል። በቅሎ እንኳ ማዘዝ አቅቶህ ነው?

ይህን ስጽፍ መብረቅ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ምንም የለም። ምድጃው ይጨሳል።

ፌብሩዋሪ 8፣ ማክሰኞ

ነጭ ሸሚዙን አጠብኩ። የሱሪውን ወገብ አጠበብኩት፤ ከስቶ ሰፍቶታል። ለምንም አይደለም። ቤት ለሚቀመጥም ሰው የሚወርድ ሱሪ አይሆንም።

ስሰፋ ከአልጋው ሆኖ ያየኛል።

"ውኃ ሲነካው ደግሞ ይጠባል" አለ።

"ዝም ብለህ ተኛ።"

"ተኝቻለሁ እኮ። ሌላ ሥራ አለኝ?"

ቅዳሜ ምን እንደምል አውቄያለሁ። ይቅር አልኩ ማለት እንዳልሆነ ይታወቅ። ደረቴ ውስጥ ያለው ያው ነው፤ ከቅዳሜ ወዲህ እንዲያውም ብሷል። ግን የለኝም እላለሁ። ያን ሁሉ ሳይጠየቅ የተናገረ ሰው በር ላይ አይቆምም።

ለእሱ አልነገርኩትም። በጉባኤ ፊት የተባለ በጉባኤ ፊት ነው የሚነሳው። ጓዳ ውስጥ አንሾካሹኬ የምጨርሰው ነገር አይደለም። ቅዳሜ ደግሞ ደርሷል።

ፌብሩዋሪ 10፣ ሐሙስ

ከንፈሩ ጠቆረ። ቤውላ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ናት።

"ወንድሞችን ልጥራቸው" አለችኝ። "እዚሁ አልጋው ዙሪያ ይቁሙና ይጠይቁሽ።"

"ጉባኤ ቅዳሜ ነው።"

"ኦርሊና፣ እባክሽ! ታልማጅ ቢጠሩ እምቢ አይሉም!"

"ከጥንት ጀምሮ ቅዳሜ ነው። ለሃሰል ተብሎ ሐሙስ አይሆንም።"

"ፈርተሽ ነው! የለኝም ስትዪው ዓይኑን ማየት ፈርተሽ ነው!"

ከአልጋው ላይ ሃሰል እጁን አነሳ። "ቤውላ፣ ተያት። ቅዳሜ... ሩቅ አይደለም።"

ቤውላ እያለቀሰች ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ትንፋሹ መሃል ላይ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። አጎንብሼ ጆሮው ጋ ደረስኩ። አፌን ከፈትኩ።

"ሾርባ ትፈልጋለህ?" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ።

ፌብሩዋሪ 11

ሃሰል ጎህ ሲቀድ ሞተ። እጁን ይዤው ነበር። አልነገርኩትም።

ፌብሩዋሪ 12፣ ቅዳሜ

አስከሬኑን ለጎረቤቶች ትቼ ጉባኤ ሄድኩ። ነጩን ሸሚዝና ያጠበብኩትን ሱሪ እኔው ነኝ ያለበስኩት።

ስገባ ዝማሬው ተቋረጠ። ወደ መድረኩ ሄድኩ፤ እሱ በሄደበት መሃል ለመሃል።

"ባለፈው ወር ያልኩትን አንስቻለሁ" አልኩ። "ሃሰል ላይ የለኝም።"

 ወንድም ታልማጅ ከመድረኩ ወርደው አጠገቤ ቆሙ።

"ሰምተንሻል፣ እህቴ።"

"አሁን ይጠይቁ። እንደዚያን ቀን ጉባኤውን ይጠይቁ።"

"ስለ ማን?"

"ስለ ሃሰል!"

"ኦርሊና፣ እጃችንን የምንዘረጋለት ሰው የለም።"

"ለእኔ ዘርጉልኝ። እኔ አደርስለታለሁ።"

ምን እያልኩ እንደነበር አላውቅም። ወንድም ታልማጅ አለቀሱ። "ውኃው እንደማያድን ታውቂያለሽ" አሉኝ፤ "የሚያድነው እሱ ነው።"

"አውቃለሁ። ሃሰል ግን ፈልጎት ነበር። ማደሪያ ነው የጠየቀው፣ እኔ ነኝ የከለከልኩት። እናንተ መመለስ ካልቻላችሁ ማን ይመልሰው?"

"ከእኛ እጅ ወጥቷል" አሉ። "ለእግዚአብሔር መተው ብቻ ነው የቀረን።"

መተው። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው የኖርኩት ቃል ነው። ስዘምረውም ኖሬያለሁ። አንድም ነገር ትቼለት እንደማላውቅ እዚያ ቆሜ አሰብኩ።

ፌብሩዋሪ 14፣ ሰኞ

መሬቱ በረዶ ስለሆነ በአካፋ አልነካ አለ። የማዕድን ጓደኞቹ ድንጋይ መሰርሰሪያ አምጥተው ቆፈሩት። አንዱ "ሃሰል ቢኖር ከእኛ ይፈጥን ነበር" አለ። ሌሎቹ ሳቁ፣ ከዚያ አቀርቅረው ቀጠሉ። ሎይድ መንገዱ ተዘግቶበት አልደረሰም።

ወንድም ታልማጅ አጭር ጸሎት አደረጉ። የዳነ ነው አላሉም፣ የጠፋ ነውም አላሉም። ሌላ ጊዜ ሟቹ በጌታ አርፏል የሚሉበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ዘለሉት። ሁሉም ሰማ።

ሰው ሲበተን ቤውላ አጠገቤ መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጀሁ። አልሰደበችኝም። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

"የት ነው ያለው?" አለችኝ። "አንቺ ንገሪኝ። ማን ይግባ ማን ይቅር የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

 መልሴን ሳትጠብቅ ሄደች።

ፌብሩዋሪ 20፣ እሑድ

አምስት ቀን አልጻፍኩም። አልጸለይኩምም።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ተንበረከክኩ። ጉልበቴ ጮኸ። እስከ ዛሬ የምለው አንድ ነገር ብቻ ስለነበር ሌላውን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። እይ፣ አትርሳ፣ የተደረገብኝን አንድም ሳታስቀር ያዝ ስልህ ኖሬያለሁ። ይዘህልኝ ከሆነ ሃሰል አለቀለት። እኔ እንደሆንኩት ከሆንክ አለቀለት።

እኔን እንዳትመስል መታመን አለብኝ። ሌላ የምይዘው ነገር አልተረፈኝም። ደስ ብሎኝ አይደለም። ስለ ኦፓል ያልኩህን አላነሳሁም፤ እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። ዛሬ ስለ እሱ ነው የመጣሁት።

ማንንም አትጠይቅ። ጉባኤውንም፣ እኔንም። ትንፋሽ የለውም፣ ውጭው ብርድ ነው። በሩ ላይ አታቁመው።